ቡናው በናሙና ይገዛል፤ ሠራተኛውስ በምን ይቀጠራል?

አንድ የቡና ላኪ ቡና ሊገዛ በሚነሣበት ጊዜ የሻጩን ቃል ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። ከየጆንያው ናሙና ያስወጣል፤ ጥሬውን ዘርግቶ ቀለሙንና መጠኑን ይመለከታል፤ የተሰበረውን፣ የነቀዘውንና የጠቆረውን ለይቶ ያስቆጥራል። ቀጥሎም ናሙናው ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ የፈላ ውሃ ተጨምሮበት፣ ቀማሹ በማንኪያ እየማገ ስለ ጣዕሙ ይመሰክራል። ዋጋ የሚቆረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድ ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራውን እስከ ጀመረው የምርት ገበያ ድረስ፣ የቡና ንግድ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ ገዢው በዐይኑ የማያየውን ነገር የሚገልጥለት ይህ የናሙናና የደረጃ ሥርዓት ነው።

ይኸው ጠንቃቃ ላኪ ግን ለመጋዘኑ ዕቃ ተቆጣጣሪ፣ ወይም ለጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ጸሓፊ መቅጠር ባስፈለገው ዕለት ሌላ ሰው ይሆናል። ለወዳጁ ስልክ ደውሎ «ደኅና ልጅ ታውቅልኛለህ ወይ?» ይላል፤ ወይም አጭር ማስታወቂያ ያወጣና ከሚጎርፈው የማመልከቻ ክምር ውስጥ ዐይኑ ያረፈበትን አምስት ወይም ስድስት ወረቀት ያነሣል። ከተመረጠውም ጋር ለሩብ ሰዓት ያህል ይነጋገራል፤ ዋስ ያስጠራል፤ በማግሥቱም የመጋዘኑን ቁልፍ ያስረክበዋል። ለአንድ ጭነት ቡና ያደረገውን ጥንቃቄ፣ የብዙ ጭነት ቡና ኀላፊ ለሚሆነው ሰው አላደረገውም።

ነጋዴዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ «ሥራ ፈላጊው እንደ አሸዋ የበዛ ሲሆን፣ ሠራተኛ ግን ጠፋ» የሚል እሮሮ ይሰማል። ሥራ ፈላጊዎቹም በበኩላቸው «በሩን የሚከፍትልን አጣን» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ሰውና ሥራ ሳይገናኙ የሚቀሩት ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱ ስለ ታጣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ያለው በር የማይሆነውን አስገብቶ የሚሆነውን ስለሚያስቀር ነው። በሩን የሚሠራው ደግሞ ቀጣሪው ራሱ ነው።

አራቱ በሮች

በሱቅ፣ በመጋዘንና በአስመጪ ቤት ዘንድ የተለመዱት የመቀጠሪያ በሮች አራት ናቸው፤ ትውውቅ፣ የትምህርት ወረቀት፣ የሥራ ልምድና ዋስ። አራቱም ያለ ምክንያት አልተፈጠሩም፤ አራቱም ግን ዋጋ ያስከፍላሉ።

የመጀመሪያው ትውውቅ ነው። ነጋዴው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ተረት ይዞ ከዘመድ፣ ከአገር ልጅ ወይም ከቀድሞ ሠራተኛው ወንድም ይቀጥራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ያመጣው ሰው ስሙን አስይዟልና የመጣው ልጅ ቢያጠፋ እርሱም ያፍራል። ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። አስተዋዋቂው ይዞት የሚመጣው ውለታ ያለበትን ሰው ነው እንጂ የግድ የተሻለውን አይደለም። ምርጫው ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ቤተ ዘመድ ሳይወጣ ይቀራል። ከሁሉም በላይ የወዳጅ ልጅ ሥራው ባይሆንለት ማሰናበቱ የወዳጅነት ማፍረሻ ስለሚሆን፣ ነጋዴው የስንፍናውን ዋጋ በየወሩ እየከፈለ ዝም ይላል።

ሁለተኛው የትምህርት ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀት አንድ ነገር በእርግጥ ይናገራል፤ ባለቤቱ የጀመረውን መፈጸሙን። ነገር ግን የተቀባይ ሰነድን ከደረሰው ዕቃ ጋር አመሳክሮ ጉድለቱን ለማግኘት የሚችል መሆኑን አይናገርም። ባለ ወረቀቱ እየበዛ በሄደ መጠንም ቀጣሪዎች ክምሩን ለማቅለል ሲሉ ብቻ መሥፈርቱን ከፍ ያደርጉታል፤ ትናንት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ይሠራው ለነበረው የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ ዛሬ ዲግሪ ይጠየቅበታል። በዚህ ጊዜ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። ዲግሪ የሌለው ብልኅ ልጅ ከበሩ ይመለሳል፤ ባለ ዲግሪው ደግሞ ወንበሩ ስለሚያንስበት የተሻለ እስኪያገኝ ብቻ ይቀመጥና ሥራውን በለመደ ማግሥት ይሄዳል።

ሦስተኛው የሥራ ልምድ ነው። «ሁለት ዓመት የሠራ» የሚለው ቃል በብዙ ማስታወቂያ ላይ ይገኛል። እያንዳንዱ ነጋዴ ሌላው ነጋዴ ያሠለጠነውን ሰው ይፈልጋል፤ ሁሉም እንዲህ ካለ ግን የሚያሠለጥን አይኖርም። ውጤቱም የታወቀ ነው። ጥቂት ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሱቅ ወደ ሱቅ ደመወዝ እየጨመሩ ይዘዋወራሉ፤ የመጀመሪያዋን ዕድል ያላገኙት ግን ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ በደጅ ይቆያሉ።

አራተኛው ዋስ ነው። ገንዘብና ዕቃ የሚይዝን ሰው ያለ ዋስ መቅጠር ለብዙ ነጋዴ እብደት ይመስላል፤ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ሆኖም ዋስ የሚለካው የሠራተኛውን ታማኝነት ሳይሆን ደመወዝተኛ ወይም ባለ ንብረት ዘመድ ያለው መሆኑን ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ወላጅ የሌለው ወይም የድኻ ልጅ የሆነ ሁሉ እጁ የቱን ያህል ንጹሕ ቢሆን በዚህ በር አያልፍም። ደግሞም ዋስ የሚከፍለው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጥፋቱን አስቀድሞ አይከለክልም።

የማይታይ ዕቃ ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ አሮጌ መኪና የሚሸጥበትን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አስረድቶ ነበር። ገዢው ደኅናውን መኪና ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ የደኅናው መኪና ባለቤት ግን በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ በገበያው የሚቀረውም ብልሹው ይሆናል። ማይክል ስፔንስ የተባለው ሌላው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ አሳብ ወደ ቅጥር በማምጣት፣ ቀጣሪ የማያየውን ችሎታ ሠራተኛው በትምህርት ወረቀት አማካይነት ለማመልከት እንደሚጥር ገለጠ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ደረጃ ያልወጣለት ቡና በገበያ ላይ የሚደርስበትን የሚያውቅ ነጋዴ ይህ ትምህርት አዲስ አይሆንበትም። ጥሩው ከመጥፎው ጋር በአንድ ዋጋ ከተገዛ፣ ጥሩውን ለማምረት የሚደክም አይገኝም። ችሎታው የማይታይለት ወጣትም እንዲሁ ወይ ሥራ መፈለጉን ይተዋል፣ ወይ ከችሎታው በታች ባለው የቀን ሥራ ይወሰናል።

በአዲስ አበባ የተደረገ ፈተና

ነገሩ በአሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአዲስ አበባ ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ሰፊ ምርምር ጀመሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ምርምሩ የተደረገው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፈጸሙ፣ ቋሚ ሥራ በሌላቸውና ከመሐል ከተማ ራቅ ብለው በሚኖሩ 3,000 ያህል ወጣቶች ላይ ነበር።

ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ወጣቱን ከሥራ የሚለየው የመንገዱ ርቀት ነው ወይስ የማይታወቅ ሰው መሆኑ? በዚያን ጊዜ ዋነኞቹ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች በመሐል ከተማ ስለ ነበሩ፣ በዳር የሚኖረው ወጣት ማስታወቂያ ለማንበብ ብቻ የታክሲ ገንዘብ ማውጣት ነበረበት። ስለዚህ በዕጣ ለተመረጡት ለአንደኛው ክፍል ወጣቶች ወደ መሐል ከተማ የሚመላለሱበት የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጣቸው። ለሁለተኛው ክፍል ደግሞ ማመልከቻና የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ፣ በቀጣሪ ፊት እንዴት እንደሚቀረብ ትምህርት ተሰጣቸው፤ የቋንቋ፣ የሒሳብ፣ የማመዛዘንና የሥራ ላይ ችሎታ ፈተና ተቀመጡ፤ ውጤታቸውም ተጽፎ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ይህንን ሥራ ያካሄደው በነጋዴው ዘንድ ኮሜርስ በሚል ስሙ የሚታወቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። ሦስተኛው ክፍል ምንም ሳይደረግለት ለማነጻጸሪያ ተቀመጠ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የመጓጓዣ ገንዘቡም ሆነ የምስክር ወረቀቱ ወጣቶቹ በደንበኛ ውል የሚሠራ ሥራ እንዲያገኙ ረዳ። ልዩነቱ የታየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የመጓጓዣ ገንዘብ ያገኙት ምንም ካላገኙት የማይለዩ ሆነው ተገኙ። ችሎታቸው ተመዝኖ በወረቀት የተገለጠላቸው ግን ገቢያቸው ከሌሎቹ በአንድ አምስተኛ ያህል በልጦ፣ በሥራቸውም ላይ የበለጠ ቆይተውና ረክተው ተገኙ። ይበልጡን የተጠቀሙትም ቀድሞ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው አነስተኛ የነበረው ናቸው።

ከዚህ ለነጋዴው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ወጣቶቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ሙያ አልተማሩም፤ ችሎታው ቀድሞም ነበራቸው። የጎደለው የሚያሳይላቸው ነበር። ይህም ማለት ባለፉት ዓመታት እነዚህን ልጆች ከደጁ የመለሰ ነጋዴ ሁሉ ሳያውቀው ደኅና ቡና ሳይቀምስ መልሷል ማለት ነው።

በሩ ማንን ያስገባል?

አመልካች የበዛለት ቀጣሪ በበሩ ላይ እንቅፋት ማብዛት ይወዳል፤ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል፤ እያንዳንዱን ወረቀት በኮፒ አባዝቶ ያመጣ ዘንድ ያዛል። «ብርቱ የሆነው ይጸናል፤ ሰነፉ ይቀራል» ብሎ ያስባል። በአዲስ አበባ የተደረገ ሌላ ጥናት ግን የዚህን ተቃራኒ አሳይቷል። ለአንድ የጽሕፈት ሥራ ሰው በተፈለገ ጊዜ ለአንዳንዶቹ አመልካቾች ለማመልከት በመምጣታቸው ብቻ አነስተኛ ገንዘብ እንደሚከፈላቸው ተነገራቸው። በዚህ ምክንያት የመጡት በችሎታ የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ምክንያቱ ሲመረመር እንዲህ ነው። ችሎታም የመንገድ ገንዘብም ያለው ወጣት ቀድሞውኑ ሥራ ይዟል። ችሎታ እያለው እስከ አሁን ሥራ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ማመልከት የከበደው ነው። ስለዚህ በሩ በከበደ መጠን የሚቀረው ሰነፉ ሳይሆን እርሱ ይሆናል። በዚሁ ጥናት ላይ የከተማው ቀጣሪዎች ስለ ነገሩ በተጠየቁ ጊዜ ይህ አነስተኛ ክፍያ የሚያስገኘውን ጥቅም አሳንሰው ገምተዋል። ለአንድ ጆንያ ናሙና ማመላለሻ የሚከፍል ነጋዴ ለአንድ ሠራተኛ መምረጫ የታክሲ ሒሳብ መክፈል የማይታሰብ ሆኖ የሚታየው ስለማያተርፍ አይደለም፤ ስላልተለመደ ነው።

ሠራተኛውም ይመርጣል

ቡና ገዢውን አይመርጥም፤ ሠራተኛ ግን ይመርጣል። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ውስጥ በ5 ድርጅቶች ለሥራ ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ የተቀጠሩትን ተከታትለዋል። ከተቀጠሩት ውስጥ አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ሥራውን ትተው ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላም ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ለቀቁ። የፋብሪካው ደመወዝ በግል ከሚሠራው ትንንሽ ሥራ አይበልጥም ነበር፤ ድካሙና በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ይበልጥ ነበር።

ዝቅተኛ ደመወዝንና አድካሚ ሥራን የትኛውም የመግቢያ ፈተና አያድነውም። ነገር ግን የሥራውን ሰዓት፣ ክብደትና ክፍያ ከቅጥሩ በፊት በግልጽ የነገረ አሠሪ፣ በመጀመሪያው ወር የሚሸሸውን ሰው ከማሠልጠን ይድናል። በአዲስ አበባ አሠሪዎችንና ሥራ ፈላጊዎችን በአንድ አዳራሽ ያገናኘ ሌላ ሙከራም ይህንኑ ያስረዳል። በዚያ ዕለት የተቀጠሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከተገናኙት ወገኖች የየራሳቸው ተስፋ ከገበያው እውነት የራቀ ነበርና። በኋላ ግን ተስፋቸውን ወደ እውነቱ አቅርበው ሁለቱም ወገኖች ፍለጋቸውን አጠንክረዋል፤ ትምህርታቸው አነስተኛ ከሆነው መካከልም የተሻለ ሥራ ያገኙ ነበሩ። መተያየቱ ራሱ ጥቅም አለው ማለት ነው።

ሕጉ የሚፈቅደው ናሙና

ብዙ ባለሱቆች የማያውቁትን ሰው ለመቅጠር የሚፈሩት «አንዴ ከገባ ማውጣት አይቻልም» በማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለዚህ መንገድ አበጅቷል። አሠሪና ሠራተኛ በጽሑፍ ከተስማሙ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ አለመሆኑ ከተረጋገጠ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሣም ሳይከፍል ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ሆኖም ስምምነቱ በቃል ብቻ ከሆነ አይጠቅምም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት።

ይኸው አዋጅ ሠራተኛው ሲሰናበት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ይህን ወረቀት መከልከል ወይም ማዘግየት ሠራተኛውን ብቻ የሚጎዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም ነጋዴ ከከለከለ ሁሉም ነጋዴ በጨለማ ይቀጥራል።

ለነጋዴው የሚበጀው

የሰው ኀይል አስተዳደር ምርምር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሁለት ነገር አረጋግጧል። አመልካቹ ሊቀጠርበት ከታሰበው ሥራ ጥቂቱን ቆርሶ እንዲሠራ ማድረግና ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፣ እንዲሁ በመጫወት ከሚደረግ ጭውውት ይልቅ የወደፊቱን ሥራ ይገልጣሉ። ይህ ትልቅ ጽሕፈት ቤትም ሆነ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም።

ገንዘብ ተቀባይ የሚፈልግ ባለሱቅ የተደባለቀ ብር አቅርቦ ያስቆጥር፤ የቀኑን ሽያጭ ከደረሰኝ ጋር ያስመሳክር። ዕቃ ተቆጣጣሪ የሚፈልግ አስመጪ ሆን ብሎ ሁለት ስሕተት የገባበትን የዕቃ ዝርዝር ሰጥቶ በመደርደሪያው ላይ ካለው ጋር እንዲያነጻጽር ያድርግ። ጸሓፊ የሚፈልግ ላኪ ከውጭ አገር ገዢ የመጣ የቅሬታ ደብዳቤ ሰጥቶ መልስ ያስጽፍ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ነጥቡም የአመልካቹ ስምና ያመጣው ሰው ማንነት ሳይታይ ይሰጥ፤ የዘመድ ልጅም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይፈተን። ልጁ ካለፈ ቤተ ዘመዱ ይከበራል፤ ከወደቀም ነጋዴው ለወዳጁ «ፈተናው አላሳለፈውም» ብሎ ያለ ቅያሜ ይመልሰዋል።

የዋስ ነገር መጨረሻ ይምጣ እንጂ መጀመሪያ አይሁን። ፈተና ያለፈ ሰው ከተገኘ በኋላ፣ ዋስትናው በእጁ በሚገባው ገንዘብ ልክ ይወሰን፤ ዋስ የሌለውም ከገንዘብ ራቅ ባለ ሥራ ጀምሮ እምነት እያፈራ እንዲሄድ ይደረግ። የሒሳብ ፈተና ታማኝነትን አይለካምና ቁጥጥሩ በሥራው ላይ ይቀጥል፤ በየዕለቱ የሚመሳከር ካዝና ከየትኛውም ዋስ አስቀድሞ ጉድለቱን ያሳያል።

ቀሪው በአንድ ነጋዴ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የንግድ ምክር ቤቶች ለወጪ ዕቃ የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት ሲሰጡ፣ ገዢው በሩቅ አገር ሆኖ የሚያምነው ከወረቀቱ ጀርባ የሚጠየቅ ተቋም ስላለ ነው። ኮሜርስ ለእነዚያ ወጣቶች የሰጠው ወረቀት ዋጋ ያገኘበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የተቋሙ ስም ነው። ነጋዴዎች በየሙያቸው ተባብረው ለሱቅ ሠራተኛ፣ ለመጋዘን ሠራተኛና ለሒሳብ ጸሓፊ የሚሆን አንድ የታወቀ የችሎታ መመዘኛ ቢያቋቁሙ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው በጨለማ የሚያወጣውን ወጪ ይቀንሳሉ። ይህ ግን የሚጸናው መመዘኛው ካልላላ ብቻ ነው። ለሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ወረቀት፣ ሁሉም ጆንያ አንደኛ ደረጃ ከተባለበት መጋዘን አይለይም።

አባቶች «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ብለዋል። ሠሪውን ከማይሠራው የሚለይ ወንፊት በነጋዴው እጅ ነው ያለው። በሚቀጥለው ጊዜ በሱቁ ደጅ ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት የሚለጥፍ ሰው፣ ከመለጠፉ በፊት አመልካቹ መጥቶ የሚሠራትን አንዲት የግማሽ ቀን ሥራ በጠረጴዛው ላይ ያዘጋጅ።